መልስ፦ ርካሹ ስኩተር ወይስ ቬስፓ?

«ለሥራ መመላለሻ ርካሽ የቻይና ስኩተር ልግዛ ወይስ ጨክኜ ቬስፓ?» ላልከው፣ ሁለቱንም ነድቻለሁ።

አብዛኞቹ ርካሾች ጂ-ዋይ 6 የሚባል ሞተር ነው ያላቸው። መነሻው የሆንዳ ንድፍ ስለሆነ ሞተሩን አትናቀው። ብዙ ፋብሪካ ስለሚሠራው መለዋወጫውም አይወደድም። ጣጣው ያለው ዙሪያው ላይ ነው፦ ጎማው፣ ሽቦው፣ ብሎኑ። የኔ የጭስ ማውጫ ብሎን በሁለተኛው ሳምንት ረግፎ እንደ ትራክተር እያንባረቅኩ ሰፈር ገባሁ። ጎረቤት ሁሉ በመስኮት ብቅ አለ! አንተ ገና ከካርቶን እንደወጣ ብሎኖቹን አጥብቅ፣ ዘይቱን ቀይር። ከመግዛትህ በፊት መካኒክህን ጠይቀው፤ ስሙ ያልታወቀ ስኩተር አልነካም የሚል ጋራዥ ብዙ ነው።

ቬስፓ ከ1946 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አካሉ ራሱ ሻንሲው ነው፤ የብረት ላሜራ። ስትነዳው ጥቅጥቅ ያለ ነገር ነው፣ አይንኳኳም። ስትሸጠውም ዋጋው ቶሎ አይወርድም። ግን ከተጋጨ ፕላስቲክ ቀይሮ መገላገል የለም፤ ቀጥታ ላሜራ ቤት ነው። ዝገቱንም መከታተል አለብህ።

እኔ ብሆን አዲሱ ርካሽ ስኩተር በሚሸጥበት ዋጋ ያገለገለ የሆንዳ ወይም የያማሃ ስኩተር እፈልግ ነበር። በተለይ ቺንጋው (የሞተሩን ጉልበት ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ቀበቶ) መቼ እንደተቀየረ የሚነግርህ ሻጭ ካገኘህ።