«ቀልዴን እኮ ነው» ለምትሉ ልጆቼ

ልጆቼ፣

በጥብቅና ዘመኔ ከሌባውም ከአጭበርባሪውም ጎን ቆሜያለሁ። ከሁሉም ይልቅ ግራ ሲጋባ ያየሁት ግን በዛቻ የተከሰሰ ወጣት ነው። ሌባው መስረቁን ያውቃል። ይኼኛው ግን «ምን አደረግኩ? ጫፉን አልነካሁት!» ይላል። እውነቱን ነው፣ አልነካውም። ክሱም ነካህ አይልም።

አንዱን ልንገራችሁ። ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። ከባልንጀራው ጋር ተጣልቶ፣ ሌሊት ደሙ ሲፈላ ሦስት መስመር ጽፎ ላከለት፤ ከሥሩ የቢላዋ ኢሞጂ ጨመረበት። ሲነጋ ረስቶታል። ችሎት ላይ ዐቃቤ ሕጉ ያችን ሦስት መስመር ከወረቀት ላይ ቀስ ብሎ፣ ቃል ሳይጥል አነበባት። ጩኸት የለ፣ ንዴት የለ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ «እኔ እንዲህ አላልኩም» አለኝ በሹክሹክታ። ብሏል። አፍ ለአፍ ቢሆን ድምፁም ሳቁም ያግዘው ነበር፤ ጽሑፍ ግን ችሎት የሚቆመው ብቻውን ነው።

ብዙዎቻችሁ «ላደርገው አላሰብኩም» የሚለው መልስ የሚያድናችሁ ይመስላችኋል። ሕጉ የሚጠይቀው ሌላ ነው። የካሊፎርኒያ የወንጀል ሕግ ቁጥር 422 ቃሉ እንደ ዛቻ እንዲወሰድ አስቦ የተናገረ ሰው፣ ሊፈጽመው ባያስብም እንኳ ሊጠየቅ እንደሚችል በግልጽ ይናገራል፤ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት እስር ይደርሳል። በእንግሊዝም እ.ኤ.አ. ከ1861 ጀምሮ በሚሠራው ሕግ፣ የሰማው ሰው «ይፈጽመዋል» ብሎ እንዲፈራ አስቦ «እገድልሃለሁ» ያለ እስከ 10 ዓመት ሊፈረድበት ይችላል። ወንጀሉ ያለው እዚያ ፍርሃት ላይ ነው። ደግሞ ፍርሃቱ ቀንና ሌሊት እንዲቆይ አያስፈልግም። ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት፣ መሣሪያ ይዞ የዛተና ገና ያልተያዘ ሰውን ለ15 ደቂቃ መፍራት ከበቂ በላይ ነው ብሏል።

ይህን ስል ክፉ ቃል ሁሉ ወንጀል ነው ማለቴ አይደለም። ስድብ ስድብ ነው። «ቆይ ታገኛታለህ!» የሚለውም እንደ አባባሉ፣ እንደ ሰዎቹ ያለፈ ታሪክ ይመዘናል። እዚያው ካሊፎርኒያ አንድ የ15 ዓመት ተማሪ በጻፈው የጨለመ ግጥም የተነሳ በዛቻ ጥፋተኛ ተብሎ ነበር። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 ግጥሙ አሻሚ ነው፣ ቁርጥ ያለ ዛቻ አይደለም ብሎ ውሳኔውን ሻረው። ደስ የሚል ፍርድ ነው፤ እኔም ዳኛ ብሆን እንደዚያው እወስን ነበር። ግን ልጁ ግጥሙን ካሳየበት ቀን እስከዚያ ፍርድ ድረስ ከሦስት ዓመት በላይ አልፏል። በዚያ ዕድሜ ሦስት ዓመት ማለት ምን እንደሆነ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

ዛቻ የደረሰባችሁ እንደሆነ መልስ አትስጡ፣ ሜሴጁንም አታጥፉ። የብዙ ሰው እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ማጥፋቱ ነው፤ ማየቱ ስለሚያም። ስክሪንሾት ስታነሡ ቀኑና የላኪው ቁጥር ይታይ፣ ለምታምኑት ሰው አሳዩ፣ ለፖሊስ አመልክቱ። የላካችሁት እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ በሌላ ሜሴጅ ላስተካክለው አትበሉ። ስልኩን አስቀምጡና ጠበቃ ፈልጉ። ለጠበቃችሁም ሁሉንም ንገሩት፤ የሚያሳፍራችሁን ቀድማችሁ።

ያ የቢላዋ ኢሞጂ የላከው ልጅ ክሱ ከተመሠረተ በኋላ ለባልንጀራው «ክሱን ካላነሣህ ዋ!» ብሎ ልኮለት ኖሯል። ምስክርን ማስፈራራት በብዙ አገር ራሱን የቻለ ሌላ ወንጀል ነው። ለእኔ አልነገረኝም። የሰማሁት እዚያው ችሎት ላይ፣ ዐቃቤ ሕጉ ሁለተኛውን ወረቀት ሲያወጣ ነው።