ቅጠል ያወጣ የጽጌረዳ ቁራጭ ሁሉ ሥር ይዟል ማለት አይደለም

ጥያቄ፦ ከጽጌረዳዬ ላይ 10 ቅርንጫፍ ቆርጬ ተከልኩ። በሁለተኛው ሳምንት ሁሉም አቆጠቆጡ፤ ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ ግን ከታች እየጠቆሩ ደረቁ። ፀሐይም ውኃም አልጎደለባቸውም። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ ጥፋቱ ያለው «አልጎደለባቸውም» ባሉት ላይ ነው። ሥር የሌለውን ቁራጭ ብዙ ጊዜ የሚገድለው ፀሐይና ውኃ ሲበዛበት ነው። ያዩት ለምለም ቅጠል የወጣው ግንዱ ውስጥ በተጠራቀመ ስንቅ ነው እንጂ ሥር ስላለው አይደለም። ቅጠሉ እርጥበቱን ያተናል፣ የሚተካለት ሥር ግን የለም፤ ስንቁ ሲያልቅ ይጠወልጋል። አፈሩ ውኃ አዝሎ ከቆየ ደግሞ የተቆረጠው ጫፍ አየር አጥቶ በፈንገስ ይበሰብሳል። ጥቁረቱ ከታች ወደ ላይ መውጣቱ ይህን ያሳያል፤ ከላይ ወደ ታች ቢደርቅ ኖሮ የእርጥበት ማነስን እንጠረጥር ነበር።

እንደገና ሲሞክሩ አበባው ገና የረገፈ፣ እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለው ጤናማ ቅርንጫፍ ይምረጡ። እሾሁን በአውራ ጣት ወደ ጎን ሲገፉት ቀጭ ብሎ ከተነቀለ ቅርንጫፉ ደርሷል። ለጋ ከሆነ ይበሰብሳል፣ ያረጀ ከሆነ ሥር ለማውጣት ይዘገያል። መቀሱን በአልኮል ጠርገው በማለዳ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይቁረጡ፤ ቢያንስ 4 አንጓ ይኑረው። የታችኛውን ጫፍ ከአንጓ በታች ቀጥ አድርገው፣ የላይኛውን ከቡቃያው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለው ሰያፍ ይቁረጡት። እንዲህ ከለዩት ገልብጠው አይተክሉትም፤ የተገለበጠ ቁራጭ አይጸድቅም። ከላይ አንድ ቅጠል ብቻ ትተው ሌላውን ያንሱ።

የሥር ማውጫ ሆርሞን ዱቄት ካገኙ ጫፉን ነክተው ትርፉን ያራግፉ። ማር ወይም ቀረፋ ሆርሞኑን አይተካም። ቁራጩን ድንች ውስጥ ሰክቶ መትከል የሚሉት ዘዴማ ድንች ያበቅልልዎት ይሆናል፣ ካልሆነም እንዲበሰብስ ያግዛል።

ሻካራ የታጠበ አሸዋና በደንብ የበሰለ ኮምፖስት እኩል ቀላቅለው ከታች ቀዳዳ ባለው ዕቃ ይሙሉ። ፍግም ሆነ ማዳበሪያ አይጨምሩ፤ ቁስሉን ያቃጥላል። አፈሩን ጨብጠው ሲጨምቁት ሳያንጠባጥብ ከያዘ እርጥበቱ ልክ ነው። በእንጨት ጉድጓድ አብጅተው ሁለት አንጓ እስኪቀበር ይትከሉና ዙሪያውን ጠቅጠቅ ያድርጉ። ቁራጩን ያለ ጉድጓድ ከገፉት የሆርሞኑ ዱቄት ይጠረጋል።

ከዚያ ታችኛው ክፍሉ የተቆረጠ ግልጽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይድፉበት። ቦታው ብርሃን ያለበት ጥላ ይሁን፤ በጠርሙስ ውስጥ ቀጥተኛ ፀሐይ ቅጠሉን ይቀቅለዋል። ክዳኑን በየቀኑ ለ10 ደቂቃ ያህል ይክፈቱ። ውኃ የሚያጠጡት ጣትዎን 3 ሴንቲ ሜትር ሲያስገቡ ደረቅ ከሆነ ብቻ ነው።

ሥር ለመያዝ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። ለማየት አይንቀሉት፤ የመጀመሪያዎቹ ሥሮች እንደ ክር የሳሱ ናቸው፣ ይበጠሳሉ። ቀስ ብለው ሳብ ሲያደርጉት ከያዘ፣ ወይም ሥሩ በቀዳዳው ብቅ ካለ በቂ ነው። ያኔ ጠርሙሱን በ10 ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ ያንሱ። በቶሎ የሚመጣውን የመጀመሪያ እምቡጥ፣ ቢያሳሳም፣ ይቁረጡት፤ ጉልበቱ ለሥር ይሁን።

እናት ተክሏ በሌላ ጽጌረዳ ሥር ላይ ተጋጥማ ያደገች ከሆነች ከመጋጠሚያው በታች ከወጣ ቅርንጫፍ አይውሰዱ፤ የሚያብበው የሥሩ ዝርያ ነው። ሁሉም ዝርያ እኩል አይጸድቅም፤ ሐረጋማዎቹና ድንክዬዎቹ በአብዛኛው ይቀላሉ፣ ትልልቅ አበባ የሚሰጡት ግን ያስቸግራሉ፤ ስለዚህ ከሚፈልጉት እጥፍ ይትከሉ። የበሰበሱት የነበሩበትን አፈር አይድገሙት፤ ዕቃውንም በበረኪና ውኃ አጥበው ያድርቁት።