ምድጃው በኤሌክትሪክ ይሠራል፤ ጭሱ ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ቁርጥራጭ ብረት በሚያቀልጥ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። ምድጃው የኤሌክትሪክ ነው፤ ከሰልም ናፍጣም አይነድበትም። ታዲያ ያ ሁሉ ጭስ ከየት ይመጣል? የሥራ ልብሱን ሳጥብስ ውሃው እንደ ዝገት የሚቀላው ለምንድን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ጭሱ የሚወጣው ከሚቀልጠው ብረት ነው። ብረት ለመቅለጥ 1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈልጋል፤ ዚንክ ግን በ907 ዲግሪ ፈልቶ ይተናል። ስለዚህ ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ ከቁርጥራጩ ጋር ከገባ፣ ብረቱ ገና ሳይቀልጥ ዚንኩ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ከአሮጌ ቀለም የመጣ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረትም ይከተለዋል። በቀለጠው ብረት ውስጥ የሚፈነዱት የጋዝ አረፋዎች ደግሞ ደቃቅ የብረት ጠብታ ይረጫሉ፤ ጠብታው ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ቀይ ብናኝ ይሆናል። የማጠቢያ ውሃዎን የሚያቀላው እርሱ ነው። ከአንድ ቶን ብረት ከ15 እስከ 20 ኪሎ ግራም የሚደርስ ብናኝ ይወጣል።

ይህን ብናኝ ስቦ ወደ ከረጢት ማጣሪያ የሚወስድ ትልቅ የአየር መሳቢያ አለ። እኔ ምድጃ ላይ በሠራሁባቸው ዓመታት፣ ሌሊት መሳቢያውን ቀንሰው «ኤሌክትሪክ ቆጠብን» የሚሉ ኃላፊዎች ነበሩ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አንድ ቶን ለማቅለጥ ብዙውን ጊዜ ከ400 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ መሳቢያው የሚወስደው ከዚህ ጥቂቱን ነው። እውነተኛው ቁጠባ ያለው ምድጃው ውስጥ ነው። በብረቱ ላይ በሚንሳፈፈው ስላግ በተባለ የቀለጠ አተላ ውስጥ የካርቦን ዱቄትና ኦክስጅን ሲነፋ፣ ስላጉ እንደ ወተት ገንፍሎ ብረቱን የሚያቀልጠውን የኤሌክትሪክ ብልጭታ ይሸፍናል፤ ሙቀቱም ግድግዳውን መጥበሱን ትቶ ወደ ብረቱ ይገባል። ያን ጊዜ የምድጃው ጩኸት ሲረግብ ከሩቅ ይሰማል፤ እኛም ሥራው እንደሰመረ የምናውቀው በዚያ ነበር። ቁርጥራጩን አስቀድሞ መለየት ደግሞ ጭሱንም ወጪውንም ይቀንሳል።

አሁን ወደ ቤትዎ ልምጣ፤ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ እርሱ ነውና። በብናኙ ውስጥ ያለው እርሳስ ሕፃናትን ክፉኛ ይጎዳል። ልብሱን ቤት ውስጥ አያራግፉት፤ ከልጆች ልብስ ጋርም አይጠቡት። ቢቻል ባለቤትዎ እዚያው ታጥቦና ልብሱን ለውጦ ይምጣ፤ ልብሱም እዚያው ይታጠብ። በደሙ ውስጥ ያለውን የእርሳስ መጠንም ያስመርምር። አንድ ነገር ደግሞ ይጠይቅልኝ፦ የምድጃው ክዳን ተከፍቶ ቁርጥራጭ ሲጨመር የሚነሣውን ጭስ የሚሰበስብ ኮፈን ከጣሪያው ሥር አለ? ብዙው ጭስ ከማጣሪያው የሚያመልጠው በዚያች ቅጽበት ነው።