ኪኒኗን ሳቆም እንቅልፌ ጭራሽ ጠፋ

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ 34 ዓመቴ ነው፣ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። አምና መሥሪያ ቤታችን ሰው ሊቀንስ ነው ሲባል ጭንቀት ያዘኝ፣ ጎኔ አልጋ ሲነካ ልቤ ድው ድው ይላል፣ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ጣራ ላይ ማፍጠጥ ነው። ክሊኒክ ሄጄ ዳያዜፓም 5 ሚሊግራም ለሁለት ሳምንት ታዘዘልኝ፣ ለጥ ብዬ ተኛሁ። ከዛ ግን በሰው በሰው እያስገዛሁ ይኸው 5 ወር ሆነኝ፣ አንዷ አልበቃ ብላኝ አሁን ሁለት ነው የምውጠው። በቀደም ተናድጄ ሽንት ቤት ደፋሁት፣ ሁለት ቀን ደህና ነበርኩ፣ ከዛ ጉድ ፈላ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኔ አልከደን አለ፣ መልሼ ጀመርኩት። በቃ ያለሷ አልተኛም ማለት ነው? እናቴ ጸበል ግቢ ትላለች፣ ጓደኛዬ ደግሞ አንድ ቢራ ጨምሪበት።

መልስ፦ እህቴ፣ ከቢራው ልጀምር፣ እሱ ነው ያስደነገጠኝ። አልኮልና ዳያዜፓም ሁለቱም አንጎልን ነው የሚያደነዝዙት፣ ሲደራረቡ ትንፋሽም አብሮ ይዳከማል፣ ተኝቶ ያልነቃ ሰው አለ። የሕመም ማስታገሻው ትራማዶልም ያው ነው፣ ለወገቤ ብለሽ እንዳትጨምሪበት።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ አልተኛም ማለት አይደለም። ዳያዜፓም አንጎልን የሚያረጋጋውን ጋባ የሚባል ንጥረ ነገር ያግዘዋል፣ አንጎል እገዛውን ሲለምድ የራሱን ፍሬን ያላላል፣ ለዛ ነው አንዷ ሁለት የሆነችው፣ ኪኒኑን ድንገት ስትነጥቂው ደግሞ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንደበጠሰ መኪና ነው። ሁለቱ ቀን ደህና የሆንሽው የመድኃኒቱ ግማሹ ብቻ ከደም እስኪወጣ ከ20 እስከ 50 ሰዓት ስለሚፈጅ ነው፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚታለለው።

ስለዚህ ድንገት ማቆም የለም፣ ከ5 ወር በኋላ እንደዛ ማድረግ እንደ ሚጥል በሽታ ሊጥልሽ ይችላል። ሐኪም በትንሽ በትንሹ እየቀነሰ ያወርድልሻል፣ ወራት ቢፈጅ አትገረሚ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2020 በዚህ መድኃኒት ዘመዶች በሙሉ ላይ ስለ ሱስና ስለ ማቆም ችግር ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ ያዘዘው በዚሁ ምክንያት ነው። እውነቱን ለመናገር ለሁለት ሳምንት አዝዞ ከዛ በኋላ ምን እንደምታደርጊ ያልነገረሽ ሰው ጥፋቱ ካንቺ ይብሳል።

ጸበሉን ሂጂ፣ እናትሽንም ደስ ይበላቸው፣ ግን ጸበል ገባሁ ብለሽ ኪኒኑን እዛው እንዳትጥዪው።

ኪኒኑ ጭንቀቱን አልነካውም፣ አስተኝቶት ነው የቆየው። ለእንቅልፍ ማጣት መጀመሪያ የሚመከረው የባህሪ ሕክምና የሚባለው ነው፣ ባለሙያ ካገኘሽ ጥሩ፣ ካላገኘሽም ከቤት ጀምሪ፦ ማታ ብትተኚም ባትተኚም ጠዋት ሁሌ በተመሳሳይ ሰዓት ተነሺ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲልሽ አልጋ ላይ አትገላበጪ፣ ተነስተሽ ሌላ ቦታ ተቀመጪና ሲያንጎላጅሽ ተመለሺ፣ የኪራዩንና የሥራውን ሐሳብ ደግሞ ገና በጊዜ ወረቀት ላይ አራግፊው፣ መጀመሪያ ሰሞን ግን ይከብዳል አልዋሽሽም። ደብዳቤሽ ላይ ስለ ቡና አንድም ቃል የለም፣ እሱ ራሱ ጠርጣራ አድርጎኛል። 11 ሰዓት ላይ አቦል ቶና ብለሽ በረካ ከደገምሽ ካፌይኑ ግማሹ እስኪወጣ ብቻ 5 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፣ ከምሳ በኋላ ይቅርብሽ።

ሐኪሙ ጋ ስትሄጂ የቀረችውን ኪኒን ይዘሽ ሂጂ፣ በቀን ስንት እንደምትውጪም እንዳትደብቂ፣ አፍረሽ አንድ ነው ካልሽው አቀናነሱን ከአንድ ነው የሚጀምረው።