የወሲብ ንግድና ሕጉ፦ ለጥያቄዎቻችሁ የተሰጡ መልሶች

ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ክርክሩ ሴተኛ አዳሪነት ይፈቀድ ወይስ ይከልከል ነው አይደል?

መልስ፦ እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ቶሎ ባለቀ ነበር። ሻጭንም ገዢንም የሚቀጡ አገሮች አሉ። ስዊድን ከ1999 ጀምሮ የምትቀጣው ገዢውን ብቻ ነው። ኔዘርላንድስ በ2000፣ ጀርመን በ2002 ሕጋዊ አድርጎ በመመሪያ ማስተዳደርን መረጡ። ኒውዚላንድ በ2003 ጉዳዩን ከወንጀል ሕግ አውጥታ በሥራና በጤና ደንቦች ሥር አስገባችው፤ ሕጉ ያለፈውም በአንድ ድምፅ ብልጫ ነበር።

ጥያቄ፦ የጀርመንና የኒውዚላንድ መንገድ ልዩነቱ ምን ላይ ነው?

መልስ፦ ሳትመዘገብ የምትሠራ ሴት ምን ትሆናለች የሚለው ላይ። ጀርመን በ2017 ባወጣችው ሕግ ሴቲቱ መመዝገብና የጤና ምክር መውሰድ አለባት፤ ሳትመዘገብ ከሠራች ትቀጣለች። በ2023 መጨረሻ የተመዘገቡት ወደ 30,600 ብቻ ነበሩ፤ በሥራው ያሉት ግን ከዚህ እጅግ እንደሚበዙ ማንም አይክድም። ስሟ መዝገብ ላይ ሰፍሮ ነገ ቤተሰቧ ወይም አከራይዋ እንዳይሰማ የምትፈራ ሴት ወደ ቢሮው አትሄድም። ስለዚህ ሕጉ ጠንካራዎቹን ይመዘግብና ጥበቃው ይበልጥ የሚያስፈልጋቸውን ከበር ውጭ ይተዋል። በኒውዚላንድ ግለሰቧ አትመዘገብም፤ ፈቃድ የሚጠየቀው ቤቱን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ነው። እስከ አራት የሚሆኑ ሴቶች በእኩልነት አብረው ሲሠሩ ደግሞ ፈቃዱም አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ገዢውን ብቻ መቅጣት ከሁሉም ፍትሐዊ አይመስልዎትም? ድሃዋ ሴት ነጻ ትሆናለች፣ ገንዘብ ያለው ይጠየቃል።

መልስ፦ ሐሳቡ ልብ ይነካል፤ ደጋፊዎቹንም አከብራቸዋለሁ። ስዊድን በ2010 ባወጣችው ግምገማ የመንገድ ላይ ንግዱ በግማሽ መቀነሱን ገልጻለች። ተቺዎች ደግሞ ምን ያህሉ ወደ ስልክና ወደ ኢንተርኔት እንደዞረ ይጠይቃሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ፖሊስ የሚፈራ ገዢ ይቸኩላል፣ ስሙን አይሰጥም፣ ጨለማ ቦታ ይመርጣል፤ ሴቲቱ ሰውየውን የምትመዝንበት ጊዜ ያጥራል። ከዚህም በላይ ሴቲቱ ነጻ ናት ከተባለ በኋላ በዙሪያዋ ያሉት ድንጋጌዎች ይይዟታል። ገዢን መቅጣት በ2017 በጀመረችው አየርላንድ፣ በ2019 አንድ ቤት ተጋርተው የሚሠሩ ሁለት ሴቶች በዘጠኝ ወር እስራት ተቀጥተዋል። አንደኛዋ ነፍሰ ጡር ነበረች። ለደኅንነት ሁለት መሆን ወንጀል ከሆነ ነጻ የወጣችው የትኛዋ ናት?

ሕጋዊው ክርክር ግን ያን ያህል ቀላል አይደለም። ገዢን የሚቀጣው የፈረንሳይ የ2016 ሕግ በስትራስቡርግ በአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ተከስሶ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ በሐምሌ 2024 መብት አልተጣሰም ብሎ ወሰነ።

ጥያቄ፦ ሕጋዊ ሲሆን የሰዎች ዝውውር ይጨምራል የሚለውስ?

መልስ፦ በ2013 የታተመና እስከ 150 አገሮችን የተመለከተ ጥናት እንዲህ ብሏል። አዘጋጆቹ ራሳቸው መረጃው ደካማ መሆኑን ስላመኑ፣ እንደ ፍርድ ማስረጃ መጥቀሱ ልክ አይደለም። እንዲሁ ደግሞ ጣል የሚደረግ አይደለም። የኒውዚላንድ ሕግ ትልቁ ቀዳዳ እዚህ አለ፤ ጊዜያዊ ቪዛ ያላቸው በዚህ ሥራ እንዳይሰማሩ ተከልክለዋል። አስገድዶ የሚያሠራት ደላላ «ብትከሺኝ ከአገር ትባረሪያለሽ» የሚልበትን ዱላ የሰጠው ሕጉ ራሱ ነው።

ጥያቄ፦ የግዴታ የጤና ምርመራ ቢኖርስ?

መልስ፦ እንግሊዝ በ1864 ሞክራዋለች። በሴቶች መብት ተሟጋቿ በጆሴፊን በትለር የተመራው ዘመቻ በ1886 አሻረው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሚመረመሩት ሴቶቹ ብቻ ነበሩ።

ጥያቄ፦ ልጆችስ?

መልስ፦ እዚህ የጠቀስኩት ክርክር ስለ አዋቂዎች ነው። ልጅን መሸጥም መግዛትም ወንጀል ነው፤ በዚህ አልከራከርም።

ጥያቄ፦ ድህነት ያስገደዳትን ሴት «ሠራተኛ» ማለት ማሾፍ አይሆንም?

መልስ፦ ብዙዎች አማራጭ አጥተው እንደሚገቡ እስማማለሁ። ነገር ግን ቅጣት አማራጭ አይፈጥርም፤ የወንጀል መዝገብ ሌላ ሥራ ማግኘትን እንዲያውም ያከብዳል። ፈረንሳይ መውጣት ለሚፈልጉ ድጋፍ አዘጋጅታለች፤ ሲጀመር በወር 330 ዩሮ ነበር። በዚህ ገንዘብ ቤት ተከራይቶ መኖር የሚቻል ከመሰላችሁ ንገሩኝ።

ጥያቄ፦ እርስዎ ቢወስኑ የቱን ይመርጣሉ?

መልስ፦ የኒውዚላንድን፤ የስደተኞቹን እገዳ አንሥቼ። ከቤልጂየም የ2024 የሥራ ውል ሕግ ደግሞ ደንበኛን የመከልከል መብትን፣ የወሊድ ፈቃድንና በክፍሉ ውስጥ የሚቀመጠውን የአደጋ ጊዜ ጥሪ ቁልፍ እወስዳለሁ። የመውጫ በጀቱን ግን ከማንም አልቀዳም፤ እስካሁን በቂ ገንዘብ የመደበ አገር አላየሁም።