ስለ «ሳልቪያ 10 ኤክስ» ለጠየቅሽው

እህቴ፣ በወንድምሽ ቦርሳ ውስጥ «ሳልቪያ 10 ኤክስ» የሚል ከረጢት አግኝተሽ «ይሄ ቺያ ነው? ይጎዳል?» ብለሻል።

1. ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ቺያም ሆነ የጥብስ ቅጠላችን በሳይንሱ ስም ዛሬ ሳልቪያ ይባላሉ፤ አያሰክሩም። ይሄኛው ሳልቪያ ዲቪኖረም ነው። አገሩ ሜክሲኮ፣ ኦአሃካ፣ ጉም የሚውልበት የማዛቴክ ነባር ሕዝብ ተራራ ነው። እነሱ በማርያም ስም ይጠሩታል፤ ለፈውስ ሌሊት በጨለማ፣ አዋቂ አጠገባቸው ተቀምጦ፣ እርጥቡን ቅጠል ያኝኩታል ወይም ጨምቀው በውሃ ይጠጡታል። ስካሩ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል።

2. ጣጣው ያለው «10 ኤክስ» የምትለዋ ላይ ነው። የ10 ግራም ቅጠል ኃይል 1 ግራም ላይ ተጭኗል ማለታቸው ነው፤ ግን የሚቆጣጠረው የለም፣ ሁለት ከረጢት እኩል አይሆንም። ሳልቪኖሪን ኤ የሚባለው የቅጠሉ አስካሪ ንጥረ ነገር ሲጨስ ከ200 ማይክሮግራም ጀምሮ ይሠራል። ይህን የወጥ ቤት ሚዛን አያነበውም። ሻጩ ደግሞ «ለዕጣን ብቻ» ብሎ ይጽፍበትና እጁን ይታጠባል! ሲጨስ ደቂቃ ሳይሞላ ይይዛል፤ ሰውየው የት እንዳለ፣ ማን እንደሆነ ይጠፋዋል፣ ተነስቶም ይሄዳል። ብዙውን ጊዜ ጉዳቱ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ደረጃ፣ መስኮት፣ ምድጃ፣ መኪና። ስለዚህ ከያዘው፣ መሬት ላይ አስቀምጪው፣ እሳትና ስለት አርቂ፣ መብራት ቀንሺ፣ አትጩሂ፣ ጨምድደሽም አትያዢው። ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ አብዛኛው ይለቀዋል። በቤተሰቡ የአእምሮ ሕመም ካለ ግን ጨርሶ አይንካው።

3. «ሕጋዊ ነው» ካለሽ፣ የት? የአሜሪካ ፌዴራል ዝርዝር ውስጥ የለም። ሜሪላንድ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ከልክላለች፤ ቨርጂኒያ ከ2008 ጀምሮ ለሁሉም ከልክላለች። ከሜሪላንድ ድልድይ ተሻግሮ ቨርጂኒያ ሥራ የሚሄድ ልጅ ኪሱን ይፈትሽ።

4. ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ትንፋሹ ከዘገየና ከንፈሩ ከጠቆረ ሌላ ነገር ተቀላቅሎበታል ብለሽ 911 ደውይ፤ ናርካን (እንደ ሄሮይን ያሉ ኦፒዮይዶችን የሚያረክስ የአፍንጫ መድኃኒት) ካለ ስጪው። ከረጢቱን ይዘሽ ሐኪም ቤት ሂጂ፤ የተለመደው የሽንት ምርመራ ሳልቪያን አያሳይም፣ ካልነገርሻቸው ሐኪሞቹ አያውቁም።