ለጀርመን ሥራ የሚሸጥ ስፖንሰር የለም

ሰላም እህቴ። የጻፍሽልኝን ለሌሎችም እንዲገባ በአጭሩ ላስቀምጠው። በ2013 ዓ.ም. ባሕር ዳር በሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ተመርቀሻል፤ ከ2014 መጀመሪያ አንስቶ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ባንክ ዴቨሎፐር ሆነሽ ትሠሪያለሽ። አንድ ደላላ ሁለት ነገር አቅርቦልሻል፦ አንዱ እንግሊዝ አገር በአረጋውያን ተንከባካቢነት፣ ሌላው ጀርመን «ስፖንሰር የሚሆን ካምፓኒ አለኝ» የሚለው። ለየትኛውም ቢሆን ግማሹን ቅድሚያ ይፈልጋል፤ አባትሽም ሚኒባሳቸውን ሊሸጡ ተነሥተዋል። «ጋሼ፣ የትኛው ይሻለኛል? እጮኛዬስ ሊከተለኝ ይችላል?» ነው ጥያቄሽ።

አንዱም አይሻልሽም፤ ሚኒባሱም አይሸጥ። ጀርመን መሄድ ግን ትችያለሽ፣ ያለ ደላላው፣ አሁን ባለሽ ዲግሪና ልምድ።

እንግሊዙን ቶሎ እንለፈው። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 22 ቀን 2025 ጀምሮ ብሪታንያ ከውጭ አገር አዲስ ተንከባካቢ ሠራተኛ መቅጠር አቁማለች። በዚያው ቀን የባለሙያ ሠራተኛ ቪዛውን መነሻ ደመወዝ በዓመት ወደ 41,700 ፓውንድ ከፍ አድርጋ፣ ሥራውም በአመዛኙ የዲግሪ ደረጃ ያለው እንዲሆን ደንግጋለች። ስለዚህ ሰውዬው የሚሸጥልሽ የተዘጋ በር ነው። ክፍት በነበረበት ጊዜም ቢሆን የስፖንሰርሺፕ ሰርተፍኬቱን የሚሰጠው ፈቃድ ያለው አሠሪ ብቻ ነበር፤ የአሠሪዎቹ ዝርዝር በመንግሥቱ ድረ ገጽ ለማንም ይታያል። ያኔ በገንዘብ ገዝተው ከሄዱት መካከል ደርሰው ሥራ ያላገኙ አሉ። አሠሪው ፈቃዱን ሲነጠቅ ደግሞ ሠራተኛው ሌላ ስፖንሰር እንዲፈልግ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው 60 ቀን ነው። በዚያ ላይ አንቺ አራት ዓመት ኮድ ጽፈሽ ሙያሽን ጥለሽ ልትሄጂ ነበር። ይህንን ሳነብ ከገንዘቡ በላይ ያናደደኝ እሱ ነው።

ወደ ጀርመኑ ልምጣ። እንግሊዝ እንዳለው ዓይነት የስፖንሰር ፈቃድ ጀርመን ውስጥ የለም። በሕግ የተመዘገበ ማንኛውም ድርጅት ከውጭ ሰው መቅጠር ይችላል። ካንቺ አሠሪ የሚጠበቀው የተፈረመ የሥራ ውልና የሥራውን ዓይነት፣ ደመወዝና ሰዓት የሚገልጽ አንድ ቅጽ ሞልቶ መስጠት ነው። የቀረው የሚመዘነው በአንቺ ወረቀት ነው። እንግዲህ ደላላው «ስፖንሰር አለኝ» ሲል ምን እንዳለው ጠይቂው። የድርጅቱን ሙሉ ስምና የንግድ መዝገብ ቁጥሩን ይስጥሽ፤ የጀርመን የንግድ መዝገብ በኢንተርኔት በነፃ ይታያል። ቁጥሩን ስትጠይቂው «መጀመሪያ ክፈይ» ካለሽ መልሱን አግኝተሻል። ሳያናግርሽ፣ የሠራሽውን ሳያይ የሚቀጥር የሶፍትዌር ድርጅት የለም፤ ቢያንስ ሁለት ሦስት ጊዜ በቪዲዮ ያናግሩሻል፣ ፈተናም ይሰጡሻል።

አንቺን የሚመለከተው የአውሮፓ ኅብረት ብሉ ካርድ የሚባለው፣ ለተማሩ ሠራተኞች የሚሰጠው የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ነው። በ2026 እ.ኤ.አ. ለብሉ ካርድ የሚጠየቀው ያልተጣራ ዓመታዊ ደመወዝ 50,700 ዩሮ ነው፤ የሰው እጥረት ላለባቸው ሙያዎች ግን 45,934.20 ዩሮ ይበቃል፣ አይቲ ደግሞ ከነዚህ አንዱ ነው። ውሉ ቢያንስ የስድስት ወር መሆን አለበት። ቁጥሩ በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ ስለሚቀየር ያኔ የሚሠራውን ተመልከቺ። አንቺ በሁለት በኩል መግባት ትችያለሽ። አንዱ ዲግሪሽ ነው። ሌላው ልምድሽ ነው፤ ባለፉት ሰባት ዓመታት ውስጥ የዲግሪ ደረጃ ያለው የሦስት ዓመት የአይቲ ሥራ ልምድ ያለው ሰው፣ ዲግሪው ባይታወቅለትም እንኳ በዝቅተኛው የደመወዝ መነሻ ሊያመለክት ይችላል። ሁለቱንም አዘጋጂ፤ አንዱ ቢጓደል በሌላው ትገቢያለሽ።

ብዙ ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነውና ስለ ወረቀቱ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ። ቴምፖው (ጊዜያዊ ዲግሪው) ብቻ በእጅሽ እንዳለ ጽፈሽልኛል። ቴምፖ ይዘሽ አትነሺ። የወጪ መጋራቱ ምን ያህል እንደቀረሽ አጣሪ፣ ክፈይና ዋናውን ዲግሪሽንና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን አውጪ፤ ስቱደንት ኮፒ ለዚህ አይሆንም። አባትሽ የግድ ገንዘብ ላውጣ ካሉ የሚያወጡት ለዚህ ነው። ከዚያ አናቢን የሚባለውን የጀርመኖች የመረጃ ቋት ክፈቺ። በዓለም ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችና ዲግሪዎች በጀርመን እንዴት እንደሚታዩ እዚያ ሰፍሯል። ዩኒቨርሲቲሽ «ኤች ፕላስ» የሚል፣ ማለትም ጀርመን ውስጥ ዕውቅና እንዳለው የሚያሳይ ምልክት ካለው፣ የዲግሪሽም ዓይነት ተመጣጣኝ ተብሎ ከተመዘገበ፣ ሁለቱንም ገጾች አትመሽ ከማመልከቻሽ ጋር ታያይዣለሽ፤ በቃ። የዲግሪሽ ዓይነት ካልተገኘ ቦን ካለው የውጭ ትምህርት ማዕከላዊ ቢሮ የግምገማ ሰነድ በ208 ዩሮ ታስወጫለሽ። ይህንን ወረቀት ሥራ እስክታገኚ ድረስ አታቆዪው።

ቀጥሎ የሥራ ልምድ ደብዳቤሽ። የላክሽልኝን ቅጂ አይቼዋለሁ። «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ይጀምርና ከመስከረም 2014 ጀምሮ በሶፍትዌር ኢንጂነርነት እያገለገልሽ እንደሆነ፣ ደመወዝሽን፣ የሥራ ግብርም እንደሚቆረጥብሽ ገልጾ በማኅተም ያበቃል። እዚህ አገር ለብድርም ለዋስትናም ይበቃል። ሙኒክ የተቀመጠ የቅጥር ሠራተኛ ግን 2014ን እንዳለ 2014 ብሎ ያነበዋል። ሲቪሽ ላይ በ2021 ተመረቅሁ ብለሻል፤ ሳትመረቂ ሰባት ዓመት ሠርተሻል ማለት ይሆናል። አንዳንዱ ስህተት መስሎት ይጠይቅሽ ይሆናል፣ አብዛኛው ግን ሐሰተኛ ሰነድ መስሎት ዝም ይላል። ስለዚህ ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ቀን፣ ወርና ዓመቱ ተጽፎ አሠሪ። ምን ምን እንደሠራሽም በአራት አምስት መስመር ይዘርዘር። የሰው ኃይል ክፍሉ «እኛ እንዲህ ዓይነት ፎርማት የለንም» ይልሽ ይሆናል፤ ረቂቁን ራስሽ አዘጋጅተሽ፣ የቅርብ አለቃሽን ይዘሽ ሂጂ። የልምዱ መንገድ የሚቆመው በዚህ ደብዳቤ ላይ ነው። የስምሽ የእንግሊዝኛ ፊደልም በፓስፖርቱ፣ በዲግሪውና በደብዳቤው ላይ አንድ ይሁን፤ አንዱ ላይ የአያት ስም ኖሮ ሌላው ላይ ከሌለ አሁኑኑ አስተካክዪው።

ሥራ ማግኘቱ ራሱ ቀላል አይደለም፤ አላባብልሽም። ለጀማሪ ዴቨሎፐር፣ ያውም ገና ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ፣ ገበያው ጠባብ ነው። አንቺን የሚያወጣሽ ባንክ ውስጥ የሠራሽው ነው። የሞባይል ባንኪንጉን ከኮር ባንኪንጉ (ከባንኩ ዋና ሥርዓት) ጋር የሚያገናኘውን ኤፒአይ የሚባል ፕሮግራም ከጻፉት አንዷ እንደሆንሽ በደብዳቤሽ ነግረሽኛል፤ ሲቪሽ ላይ ግን የለም! እዚያ ያነበብኩት «ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የምትችል» የሚል ነው። እሱን አጥፊና የሠራሽውን ጻፊ፦ በምን ቋንቋ፣ ምን ያህል ግብይት የሚያስተናግድ፣ ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነው። የባንኩን ምስጢር ግን አታውጪ። ከዚያ የክፍያና የባንክ ሶፍትዌር የሚሠሩ ድርጅቶችን በሊንክድኢን፣ ስቴፕስቶን በሚባለው የሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጽና በጀርመን መንግሥቱ «ሜክ ኢት ኢን ጀርመኒ» ድረ ገጽ ላይ እያየሽ አመልክቺ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ደብዳቤ ከመበተን፣ ለጥቂቶቹ እያንዳንዱን አንብቦ መጻፍ ይሻላል።

የቪዛውን ጉዳይ እስከ መጨረሻ ደብቀው የሚያቆዩ አሉ። እኔ አልስማማም። በመጀመሪያው ንግግር ላይ ራስሽ አንሺው፣ ግን እንደ ለማኝ ሳይሆን ሥራውን እንደሚያውቅ ሰው፦ «ብሉ ካርድ ያስፈልገኛል፤ ዲግሪዬ አናቢን ላይ አለ፣ ገጾቹን አያይዣለሁ፤ ከእናንተ የሚጠበቀው ውሉና አንድ ቅጽ ነው»። ትንንሽ ድርጅቶች የሚፈሩት የማያውቁትን ጣጣ ነውና አንቺ ስታውቂላቸው ይቀልላቸዋል። በተጨማሪ የተፋጠነ አሠራር የሚባል እንዳለ ንገሪያቸው። አሠሪው በከተማው የውጭ ዜጎች ቢሮ 411 ዩሮ ከፍሎ ቅድመ ፈቃዱን ያስጨርስልሻል፤ እሱ በእጅሽ ካለ ኤምባሲው በሦስት ሳምንት ውስጥ ቀጠሮ ሊሰጥሽ፣ የተሟላ ማመልከቻሽንም ባብዛኛው በሌላ ሦስት ሳምንት ሊወስን ይገባል። የቪዛው ክፍያ 75 ዩሮ ነው። አንዳንድ አሠሪ 42,000 ዩሮ ሊያቀርብልሽ ይችላል፤ ያኔ «በዚህ ደመወዝ ብሉ ካርድ አይወጣም» በይና መነሻውን ጥቀሺ። ወረቀት ላይ 46,000 ጽፈን በእጅ እንቀንስ የሚልሽ ካለ ሽሺ።

ደመወዙን በብር እያባዛሽ አትደሰቺ። በዓመት 46,000 ዩሮ ማለት ላላገባ ሰው ግብርና መድኅን ተቆርጦ በወር 2,500 ገደማ ነው። ሙኒክ ከሆነ የቤት ኪራዩ ግማሹን ሊወስድ ይችላል፤ ላይፕዚግ ከሆነ ትተነፍሻለሽ። ቤተሰብሽ በመጀመሪያው ዓመት ብዙ እንዳይጠብቁ ከመሄድሽ በፊት ንገሪያቸው።

ጀርመንኛ ለብሉ ካርድ ግዴታ አይደለም። ሆኖም አሁኑኑ ጀምሪ፤ አዲስ አበባ የጎተ ተቋም አለ። ቢ1 የሚባለው መካከለኛ የቋንቋ ደረጃ ላይ ከደረስሽ ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ በ21 ወር ልታገኚ ትችያለሽ፤ በጀማሪው ደረጃ በኤ1 ብቻ ከሆነ 27 ወር ይፈጃል። በእንግሊዝኛ ብቻ የሚሠሩት ድርጅቶች በርሊን ላይ ይበዛሉ፣ ሌላ ቦታ ግን ቋንቋው ሥራም ጓደኛም ያመጣልሻል።

ደላላው ምናልባት ቀጥሎ «ቻንስ ካርድ» ይልሽ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2024 ጀምሮ ያለ እውነተኛ ነገር ነው፤ ያለ አሠሪ ገብተሽ ለአንድ ዓመት ሥራ ትፈልጊያለሽ። ነገር ግን መኖሪያ የሚሆን በወር 1,091 ዩሮ የዓመቱን በዝግ ሒሳብ (በየወሩ ተወስኖ ብቻ በሚለቀቅ የባንክ ሒሳብ) አስቀድመሽ ማሳየት አለብሽ፤ በ12 አባዢው። አንቺ ከዚህ ሆነሽ ማመልከት እየቻልሽ ይህን ያህል ገንዘብ ይዞ መሄድ አይታየኝም።

ስለ እጮኛሽ፦ በእጮኝነት አይከተልሽም፤ ከተጋባችሁ ግን የብሉ ካርድ ባለቤት የትዳር ጓደኛ የጀርመንኛ ፈተና አይጠየቅም፣ እንደገባም መሥራት ይፈቀድለታል። የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን ከወሳኝ ኩነት በጊዜ አውጡ።

ባንኩን ቪዛው ፓስፖርትሽ ላይ ሳይለጠፍ እንዳትለቂ። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይጠይቅሻል፤ የጀርመኑ ውል የሚጀምርበትን ቀን ስትነጋገሪ ይህንንና ክሊራንስ (ከባንኩ ዕዳ እንደሌለብሽ የሚሰጥሽ ማረጋገጫ) የሚፈጀውን ጊዜ ቁጠሪ። ለሥልጠና የፈረምሽው ግዴታ ካለም ከዋሱ ጋር አሁን ተነጋገሪበት፤ በመጨረሻው ሳምንት አይሆንም።

የደብዳቤውን ረቂቅና የተስተካከለውን ሲቪ ላኪልኝ፣ አየዋለሁ። የአናቢኑን ገጽ ስታትሚ ቀኑ እንዲታይ አድርገሽ አትሚው።